የጦሩ ትርፍ ሰዓት፦ የጣልያን ወታደር በጅማ እንዴት ይውልና ያመሽ ነበር?

«ጅማን ከተማ ያደረጋት ጣልያን ነው» የሚለውን አነጋገር በቡና ቤት ተቀምጦ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ፈረንጅ አራዳ ላይ ቆሞ ቀጥ ያሉትን ጎዳናዎችና ባለ በረንዳ አሮጌ ሕንፃዎችን ይመለከታል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ከሠሩት ጋር ያመዛዝናል፤ ሚዛኑ ወደ ባዕዱ ሲያጋድልበትም ይህችን ዓረፍተ ነገር ወርውሮ ስኒውን ያነሣል። ክሱ የተሰነዘረው በራሳችን መንግሥታት ላይ መሆኑ ግልጽ ነው፤ በዚያ ረገድ አልከራከረውም። የምከራከረው በምስክርነት በተጠራው በጣልያኑ ላይ ነው። ለመሆኑ እነዚያ ሕንፃዎች ለማን ተሠሩ? በቀኑስ በየትኛው ሰዓት እንዲያገለግሉ ታስበው ነበር?

የወረራውን ጦርነት ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል፤ ከእኔ የሚሻሉ ብዕሮችም ገና ይጽፉታል። እኔ የማተኩረው ተኩስ በሌለበት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ጦር በባዕድ አገር ሰፍሮ አምስት ዓመት ሲቆይ፣ አብዛኛው ዕድሜው የሚያልፈው ደብዳቤ በመጠበቅ፣ ካርታ በመጫወት፣ ዝናብ በማየትና ሴት በመፈለግ ነው። አንድ መንግሥት ስለሚገዛው ሕዝብ በእውነት ምን እንደሚያስብ ከአዋጁ ይልቅ ከዚህ ሰዓት ይታወቃል።

አስቀድሞ ግን ጣልያን ባዶ ሜዳ እንዳላገኘ መታወቅ አለበት። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር መቀመጫቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር፤ ከሥሩ ያለው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ደግሞ ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከኩሎና ከሸዋ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወዳዳሪ ያልነበረው ገበያ ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ ማርና የዝሆን ጥርስ ይሸጥበት ነበር፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ይህንን መሸሸግ ለማንም አይበጅም። ከጅማ ወደ ደቡብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የደዶን ደጋ የወጣ ሰው የዚህ ገበያ ትርጉም ይገባዋል። የደዶ ገበሬ ገብሱንና ማሩን ተሸክሞ ሐሙስ ሐሙስ ቁልቁል ይወርድ የነበረው ሮማ ውስጥ የጅማን ስም የሚያውቅ ሰው ከመገኘቱ በፊት ነው። ከተማ ማለት የሰው መገናኛ ከሆነ፣ ከተማዋ ነበረች።

ፋሽስቶች አዲስ አበባን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ በግንቦት 24 ቀን በወጣው ሕግ ምሥራቅ አፍሪካን በስድስት ግዛቶች ከፋፈሉ። ደቡብና ምዕራብ ኢትዮጵያን የያዘውን አንዱን ክፍል፣ የኦሮሞን ሕዝብ እርሱ በማይቀበለው ስም እየጠሩ፣ «ጋላና ሲዳማ» አሉት፤ ዋና ከተማውንም ጅማ አደረጉ። ጦራቸው ግን ጅማ የደረሰው በ1929 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ልዑል ራስ እምሩና የጥቁር አንበሳ ጦር አባላት ከጎሬ ተነሥተው በከፋ በኩል ሲያፈገፍጉ፣ የደዶ ደጋ ወደ ቆላ በሚወርድበት አቅጣጫ በሚገኘው የጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩ ወደ ጣልያን ተግዘው ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ሙሶሊኒ ራሱ በ1943 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን በወረደ ጊዜ እስረኛ ሆኖ ወደዚያችው ደሴት ተወስዷል፤ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ቀልድ ይወዳል።

ከጎጀብ በኋላ የጅማ ጦር ዋና ሥራ መጠበቅ ሆነ። አርበኞች በዙሪያው ነበሩ፤ በተለይም ገረሱ ዱኪ ከወሊሶ እስከ ጅማ ባለው አገር መንገዱን እየቆረጡ ጠላትን እንቅልፍ ነሥተውታል። ይሁን እንጂ በምሽግ ውስጥ ላለው ተራ ወታደር በአንድ አደጋና በሌላው መካከል ሳምንታት ያልፉ ነበር። እነዚያን ሳምንታት የሚሞላቸው ደግሞ ዝናብ ነበር። የጅማን ዝናብ የማያውቅ አንባቢ ክረምት ማለት ሦስት ወር ይመስለዋል። በጅማ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ማብቂያ ሰማዩ እምብዛም አይታመንም። ከአዲስ አበባ ጅማ የሚያደርሰው ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ካሚዮኖች በጭቃ ተይዘው ቀናት ያድሩ ነበር፤ ከሲሲሊ ወይም ከቬኔቶ ገጠር የመጣው ልጅ የሚጠብቀው ስንቅና ደብዳቤ አብሮ በጭቃው ውስጥ ያድራል። ደብዳቤውም ቢደርስ ሳንሱር ያለፈበት ነው። እናት ስለ ልጇ ወባ፣ ልጅም ስለ እናቱ ችግር በግልጽ አይጻጻፉም።

ምግቡ ፓስታ፣ የቆርቆሮ ሥጋና ጋሌጣ ነበር፤ ወይን ጠጅ ሲገኝ ይከፋፈላል። ትኩስ ነገር ከፈለገ ወደ ገበያ መውጣት ነበረበት፤ እዚያ ግን የደዶና የማና ገበሬ የጣልያንን ወረቀት ሊሬ አይቶ ፊቱን ያዞርበት ነበር። ገበሬው የሚያምነው የማርያ ቴሬዛን ብር ነው። ሙሶሊኒ ይህንን ስላወቀ ጦርነቱ ሳይጀመር በ1935 እ.ኤ.አ. የብሩን ቅርጽ ማተሚያ ከቪየና አስመጥቶ ሮማ ውስጥ ብር ሲያስመታ ነበር። የሮማን ግርማ መልሳለሁ ያለ መንግሥት በአንድ የሐበሻ ገበሬ ፊት የሞተች የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ይዞ መቅረቡ፣ ከብዙ የጦር ሜዳ ድሎች ይልቅ የሚያስቀኝ ነገር ነው።

የሥራ ፈትነት አደጋው ለፋሽስቶቹ ስውር አልነበረም። በአገራቸው ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራተኛውን ትርፍ ሰዓት የሚቆጣጠር «ዶፖላቮሮ» የተባለ ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ ትርጉሙ «ከሥራ በኋላ» ማለት ነው። ሰው ከሥራ ወጥቶም ከፓርቲው እጅ እንዳይወጣ የተፈጠረ ነው። ይህ ድርጅት ከጦሩ ጋር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣ፤ በዋና ዋና ከተሞች ክበቡን፣ የኳስ ቡድኑን፣ የቢሊያርድ ጠረጴዛውንና የፊልም ማሳያውን አብሮ አመጣ። የ«ሉቼ» ፊልም ድርጅት የሚያዘጋጀው የዜና ፊልም ጭቃ ውስጥ ለሚኖረው ወታደር ድል አድራጊነቱን ያሳየው ነበር። የእኛ ሰው ወደ ሲኒማው ቢገባም በተለየ መቀመጫ ወይም በተለየ አዳራሽ እንጂ ከነጭ ጎን አልነበረም።

የከተማው ፕላንም በዚሁ መንፈስ ተነደፈ። ጎንደርንና ደሴን ያቀደው መሐንዲስ ጌራርዶ ቦሲዮ የጅማንም ፕላን ነድፏል። የእነዚህ ፕላኖች ሁሉ መሠረታዊ ሐሳብ አንድ ነው፦ ጣልያኑ የሚኖርበትና የሚዝናናበት ሰፈር ለብቻ፣ «አገሬው» የሚኖርበትና የሚነግድበት ሰፈር ለብቻ፤ በመካከሉም ክፍት ቦታ። ዛሬ በምላሳችን ሳናስተውል የምንጠራቸው «ፈረንጅ አራዳ» እና «መርካቶ» የሚሉ ሁለት ስሞች የዚያ ግድግዳ ፍርስራሽ ናቸው። በ1938 እ.ኤ.አ. ሚላኖ የታተመው የጣልያን ቱሪዝም ማኅበር የምሥራቅ አፍሪካ መምሪያ መጽሐፍ ጅማንም እንደ አንድ የሽርሽር ስፍራ ለጣልያን አንባቢ ያስተዋውቃል፤ ገረሱ ዱኪ በጫካው ውስጥ እያሉ ማለት ነው። እንግዲህ በረንዳው የተሠራው የደዶ ገበሬ ከዝናብ እንዲጠለልበት አልነበረም።

ፍትሐዊ ለመሆን የጅማን ልዩ ሁኔታም መናገር ይገባል። ጅማ አስቀድማ ለዐፄ ምኒልክ እየገበረች በራሷ ንጉሥ ስትተዳደር ኖራ፣ ይህ መብቷ የተወሰደው ከወረራው ጥቂት ዓመታት ብቻ ቀድሞ፣ አባ ጅፋር ከሞቱ በኋላ ነው። ቁስሉ ገና እርጥብ ነበር። ጣልያኖች ይህንን አውቀው የአባ ጅፋርን የልጅ ልጅ አባ ጆቢርን «ሱልጣን» አሉ፤ መስጊድ አሠሩ፤ የእስልምና ወዳጅ መስለው ቀረቡ። ያን ጊዜ ለእነርሱ በጎ ዐይን የነበረውን ሁሉ «ባንዳ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ አዲስ አበባ ጅማን እንዴት ይዛት እንደነበር ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ይህንን ሐቅ ለመናገር የዘገየነው እኛው ነን።

ሌላው የተረሳ የጦር ሰፈር ነዋሪ ደግሞ አስካሪው ነው። ከጣልያን ጦር ብዙው ነጭ አልነበረም፤ ኤርትራዊ፣ ሶማሌ፣ ሊቢያዊና ከራሳችንም አገር የተመለመለ ነበር። «ሙንታዝ»፣ «ቡሉክባሽ»፣ «ሹምባሽ» እየተባለ በማዕረግ ቢወጣም፣ የሹመቱ ጫፍ ከነጭ መኮንን እግር በታች ይቆማል። የኤርትራ አስካሪዎች በየሄዱበት ሚስትና ልጆቻቸውን አስከትለው በጦር ሰፈሩ ጎን የቤተሰብ ሰፈር ይሠሩ ነበር። ስለዚህም የአስካሪው ትርፍ ሰዓት ከጣልያኑ የተለየ ነበር፤ ልጅ ይታቀፋል፣ ቡና ይፈላል፣ በዓል ይከበራል። እዚያው በረንዳ ላይ ብቻውን የሚተክዘው ጣልያን ይህንን ጭስ እያየ ይቀና እንደነበር መገመት አይከብድም። ከአስካሪዎቹ መካከል ከድተው ወደ አርበኞች የገቡም አሉ፤ የእነዚህ ሰዎች ታሪክ በኤርትራም በኢትዮጵያም ባለቤት አጥቶ መቅረቱ ያሳዝናል።

ጣልያኑ ወታደር ብቸኝነቱን ከሚያስታግሥባቸው ነገሮች አንዱ ፎቶግራፍ ነበር። ትንሽ ካሜራ ገዝቶ ወንዙን፣ ገበያውን፣ ጓደኞቹን፣ የአገሬውን ሴት ያነሣል፤ አልበም ይሠራል፤ ወደ ቤቱ ይልካል። የተነሣችው ሴት ስም በአልበሙ ላይ የለም። ይህ የጊዜ ማሳለፊያ ግን ባለቤቶቹ ያላሰቡት ፍሬ አፈራ። የየካቲት 12ቱን ጭፍጨፋ ጨምሮ የተሰቀሉና የተቆረጡ ሰዎችን ከጎናቸው ቆመው እየሣቁ የተነሡባቸው ፎቶግራፎች ከወታደሮች ኪስና ሻንጣ ተገኙ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ስለ ጣልያን የጦር ወንጀሎች ባሳተመው የማስረጃ ሰነድ ውስጥ ራሳቸው ያነሷቸው ሥዕሎች ቀረቡ። ዐቃቤ ሕጉ እነርሱ ሆኑ፤ ፍርዱ ግን አልመጣም፤ አንድም የጣልያን መኮንን በኢትዮጵያ ላይ ስለ ፈጸመው ወንጀል በዓለም አቀፍ ችሎት ሳይቀርብ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወታደሩ ወደ አፍሪካ ሲመጣ በአፉ የነበረው «ፋቼታ ኔራ» የተባለው የ1935 እ.ኤ.አ. ዘፈን ነበር፤ ለአንዲት ጥቁር ልጃገረድ የተዘፈነ ነው። ፋሽስቱ መንግሥት ዘፈኑ ዘር መቀላቀልን የሚያበረታታ ስለ መሰለው ብዙም ሳይቆይ ጠላው፤ ሊያስቀረውም ሞከረ። ዘፈኑ ባይጠፋም ሕጉ መጣ። በሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 880 ሕግ አንድ ጣልያናዊ ከተገዢ ሕዝብ ሴት ጋር «ጋብቻ መሰል ግንኙነት» ቢኖረው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንደሚታሰር ደነገገ። የሚቀጣው ወንዱ ብቻ ነው፤ ሴቲቱ በሕጉ ዐይን እንደ ሰው አልተቆጠረችምና።

አንባቢ ሆይ፣ ይህንን ሕግ ዳኞቹ እንዴት እንደ ተረጎሙት ልብ በል። ወታደር ሴት ቤት ሄዶ ገንዘብ ከፍሎ ቢመለስ ወንጀል አልነበረም። ወንጀል የሚሆነው ከእርሷ ጋር በአንድ ማዕድ ከበላ፣ ስትታመም ካስታመመ፣ ልብስ ከገዛላት፣ በደብዳቤው «እወዳታለሁ» ብሎ ከጻፈ ነው። ችሎቱ የሚፈልገው ማስረጃ የፍቅር ማስረጃ ነበር። በአጭሩ፣ ዝሙት የተፈቀደ ሲሆን መዋደድ ግን ወኅኒ ያስገባ ነበር። በሰኔ 1931 ዓ.ም. «የዘር ክብርን ለመጠበቅ» በሚል ሌላ ሕግ ተጨመረ፤ በግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 822 ሕግ ደግሞ ጣልያናዊ አባት ከኢትዮጵያዊት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስጠራ ከለከለ፤ ክልሱ ልጅ ተገዢ ሆኖ እንዲመዘገብና ማሳደጊያው በእናቱ ላይ እንዲወድቅ አደረገ። እኔ ስለ ጣልያን አስተዳደር ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ የበለጠ የሚነግረኝ ይህ ሕግ ነው። አስፋልቱንና ይህንን አንቀጽ ያወጣው አንድ እጅ ነውና አንዱን አመስግኖ ሌላውን መርሳት አይቻልም።

የጅማ ጦር መጨረሻ ፈጣን ነበር። የአኦስታው መስፍን በግንቦት 1933 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ እጁን ሲሰጥ፣ የጅማው ገዢ ጄኔራል ፒዬትሮ ጋዜራ ተጠባባቂ የበላይ ገዢ ሆነ። ስለዚህ ጅማ ለጥቂት ሳምንታት የፈራረሰው ግዛት የመጨረሻ ርእሰ ከተማ ነበረች ለማለት ይቻላል። የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌዶች አባልቲ አካባቢ የኦሞን ወንዝ ተሻገሩ፤ የገረሱ ዱኪ አርበኞችም ከተማይቱን ከበቡ፤ በሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅማ ተያዘች። ጋዜራ ወደ ምዕራብ ሸሽቶ ደምቢ ዶሎ አጠገብ ለቤልጂጎች ጦር እጁን ሰጠ። ይህ የቤልጂጎች ጦር የሚባለው በእውነቱ ኮንጎዎች ናቸው፤ ከመኮንኖቹ በቀር ወታደሩ ሁሉ የኮንጎ ሰው ነበር፤ አሶሳንና ጋምቤላንም የያዘው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልውጣ። ከ19 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1952 ዓ.ም.፣ ኮንጎ ነፃ ወጥታ ወዲያው ስትታመስ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ተቀብለው ቀድመው ከደረሱት ጦሮች መካከል የእኛ ጠቅል ብርጌድ ይገኝበታል፤ የዛሬዋ ኪሳንጋኒ፣ የያኔዋ ስታንሊቪል፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች ሰፈር ሆነች። ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም ከ1962 እስከ 1963 እ.ኤ.አ. የመላው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ሆነው አገልግለዋል። ኮንጎው ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ሐበሻው ወደ ኪሳንጋኒ! ከዚያ ወዲህ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር፣ አብዬ እያለ ወታደራችን በአፍሪካ ምድር ሰፍሯል። የእኛ ሰው በእነዚያ ሰፈሮች ምሽቱን እንዴት አሳለፈ? ምን ናፈቀ? ከአገሬው ጋር እንዴት ኖረ? ማንን ወለደ? የጦር ታሪካችን የሚነግረን ጥቃት፣ መከላከል፣ ሜዳሊያ ነው። የጣልያኑን ወታደር ትርፍ ሰዓት ከአልበሙና ከፍርድ ቤት መዝገቡ ስናነብ፣ የራሳችንን ለማንበብ ግን ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ዝም ብለን እናያለን። የመከላከያ ታሪክ ክፍልም ሆነ ዩኒቨርሲቲዎቻችን መቅረጸ ድምፅ ይዘው ቢነሡ ብዙ የሚያስወጣ ሥራ አልነበረም።

ወደ ጅማ ልመለስ። ከጣልያኑ ትርፍ ሰዓት የተረፈን ነገር ጥቂት አይደለም። በየገጠሩ ከተማ ያለው የካራምቡላ ጠረጴዛ፣ የምንጫወተው ካርታ፣ የምንጠጣው ቢራና ማኪያቶ ስማቸው ራሱ ከየት እንደ መጡ ይናገራል። እነዚህን አላፍርባቸውም፤ ሕዝባችን ከተዘጋበት በረንዳ ውጪ ቆሞ አይቶ፣ ባለቤቱ ሲሄድ ገብቶ የራሱ ያደረጋቸው ናቸው። ማኪያቶው በቡናችን ይፈላል። የሚያስቆጣኝ ይህንን ወስዶ «ሠሩልን» የሚለው ምስጋና ብቻ ነው።

ከድሉ በኋላ ወታደሮቹ በምርኮ ወደ ኬንያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሕንድ ተወሰዱ። በ1942 እና በ1943 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዞች በፈቀዱት መሠረት ቀይ መስቀል የተቀቡ ነጫጭ መርከቦች በርበራ ድረስ መጥተው የጣልያን ሴቶችን፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን ጭነው አፍሪካን ዞረው አገራቸው አደረሷቸው። ቀድሞ በወጣው ሕግ የጣልያን ልጅ አይደለህም የተባለው ክልስ ሕፃን በዚያ መርከብ ላይ ቦታ አልነበረውም። በሐሙስ ገበያ ከእናቱ ጀርባ ታዝሎ ቀረ፤ ሲያድግም የሚጠራበትን የአባት ስም ከእናቱ ወገን ተዋሰ።